ዳገቱን በስንት ማርሽ ወጣች?

ደብረ ታቦር ላይ ያገለገለ መኪና ሊሸጥ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው መኪናዋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች አይደለም። ከወረታ ተነሥታ ዓለም በርን ካለፈች በኋላ ዳገቱን በስንት ማርሽ እንደወጣች ነው። ጥያቄውን እኔ አላመጣሁትም። ጋራዥ ገብቼ ቁልፍ ማቀበል ስጀምር ትልልቆቹ መካኒኮች ሲጠይቁት ሰማሁ፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ስጠይቀው ልጆቹ ይሰማሉ።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፎገራ ሜዳ ሙቀት የተነሣች መኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉና ሥር ብርድ ውስጥ ትገባለች። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሩብ ያህል ጎድሎበት ነው። ውኃም እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ክዳኑ የላላ ራዲያተር ቆላ ላይ ያልታየበት ጉድ እዚህ ይወጣበታል። ደላላ ቀለሟን፣ ወንበሯንና ቴፗን እያሳየ ሊያሞካሻት ይችላል። ዳገቱ የሚያየው ግን ሞተሯን፣ ፍሪሲዮኗንና ራዲያተሯን ነው።

በእኛ አገር አይቶ መግዛት ከመኪና በፊት የነበረ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናው ሲመጣ ሙያው አዲስ አልተፈጠረም፤ ከበቅሎ ገበያ ተነሥቶ ጋራዥ ገባ። ይህን የምለው ሁለቱንም በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አባቴ የበቅሎ ሰው ነበር። ነጋዴ አልነበረም፤ ሌላው ሲገዛ "እስቲ ና እይልኝ" ተብሎ የሚጠራ ዐዋቂ ነበር። ገበያ ሲደርስ በቅሎዋን ወዲያው አይነካትም። ራቅ ብሎ ይቆምና በማታውቀው ሰው መካከል እንዴት እንደምትቆም፣ ጆሮዋን ወዴት እንደምታዞር፣ የትኛውን እግሯን እንደምታሳርፍ ያያል። ሁልጊዜ ያንኑ እግር የምታሳርፍ ከሆነ ነገር አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳብሳል። ገጣባ የነበረባትን በቅሎ ሻጩ ጥላሸትና ቅቤ ቀብቶ ያመጣታል፤ ጸጉሩ ተመሳስሎ ለዓይን አይታይም፣ ለመዳፍ ግን ጠባሳው ይሻክራል። ጥርሷን የሚያየው ከሁሉም በኋላ ነበር። ምክንያቱን አንድ ቀን ነግሮኛል፦ ጥርስ ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ስለሆነ ሻጩ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ አንተ ግን ያልተዘጋጀበትን ቀድመህ እይ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ፈተና የሚመጣው። አባቴ በቅሎዋን ጭኖ ዳገት ያስወጣታል፤ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ ትከሻዋ ያመነታ እንደሆነ ያያል። ርብን ተሻግሮ የሚሄድ ገዢ ከሆነ ውኃ አይታ የምትፈራ መሆን አለመሆኗ ሳይታወቅ ገንዘብ አይቆጠርም ነበር። ሻጩም የሰፈሩ ሰው ካልሆነ በቅሎዋ የስርቆሽ አለመሆኗን የሚናገርለት የታወቀ ዋስ ያቀርባል። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አካባቢያችን በጌምድር ይህን ሁሉ ያወቀው በንግድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጣና በስተ ምሥራቅ የነበሩት ይፋግና ደሪጣ የሲራራ ነጋዴ ከተሞች ነበሩ። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ሰምና ጨርቅ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ ሰሜን ይተላለፍ ነበር። በመንገድ የሚወድቅ ከብት የገዛ ነጋዴ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጭነቱንም ያጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማየት ለእነዚያ ሰዎች የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ከመኪና በፊት በዚህ ደጋ ላይ ከባድ መንኮራኩር የተንከባለለው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀረጹ፤ ትልቁ ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። መድፉን የሚሸከሙ ሠረገሎችም እዚያው ተሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ያ ሁሉ ብረት በሰው ጉልበትና በጠፍር እየተጎተተ ከፋርጣ ወደ ጋይንት፣ ከጋይንት ወደ ዋድላና ደላንታ ተሻገረ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። መንገዱ ከፊት ከፊት እየተቆፈረ ነበር የሚሄዱት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። እኔ እንደ መካኒክ ስለዚያ ጉዞ ሳስብ ከመድፉ ይልቅ ሠረገሎቹ ይገርሙኛል። ያን ክብደት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ የሚይዘው ፍሬን የሌለው ነገር! ከኋላ በጠፍር ወጥረው እየያዙ ያወረዱት ሰዎች ስማቸው ባይጻፍም በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች እነሱ ነበሩ።

መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ዘመኑ የዐፄ ምኒልክ ነው፤ 1900 ዓ.ም. አካባቢ። ደብረ ታቦር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት የበቅሎ ከተማ ሆና ቆየች። ካሚዮን በብዛት የታየው በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሲዘልቅ ነው። ጠላት መንገድ ጠረገ፤ ላንቺያና ፊያት ጭነት እየያዙ ወጡ። በ1933 ዓ.ም. ክረምት ደብረ ታቦር የነበረው ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጎንደር ነፃ ስትወጣ፣ በየሜዳው የቆሙ ካሚዮኖች ቀሩ። ያገለገለ መኪና መግዛትና መሸጥ በእኛ አካባቢ የተጀመረው በእነዚህ ነው። አዲስ መኪና አይቶ የማያውቅ ሰው ጦርነት የዋለችበትን ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ገዛ። ሊብሬ የላትም፣ መለዋወጫ የላትም፤ የነዳት ሾፌር አገሩ ገብቷል፣ ወይም ምርኮኛ ሆኗል። ገዢው ያለው ዓይኑና ጆሮው ብቻ ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የዚያ ዘመን ልጅ ናቸው። ጎንደር ላይ ከነፃነት በኋላ ከቀሩ ጣሊያኖች ጋር ሠርተው ነው የተማሩት። ጋሼ እንላቸው ነበር። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ሞተር ሲያዳምጡ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደ ኮፈኑ ያዘነብላሉ፣ ከዚያ የትኛው ሲሊንደር እንደሚሰንፍ በጣታቸው ያሳያሉ። እንደ እሳቸው ያለ ጆሮ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም።

ጋሼ ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር መኪናዋን ሌሊት ማሳደር ነው። ደጋ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርዱ ደግሞ የመካኒክ ረዳት ነው ይሉ ነበር። ማታ ሻጩ ያቆማታል፣ ቁልፉ ገዢው ዘንድ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ፣ ማንም ሳይነካት፣ ኮፈኗ ይከፈትና እጅ ቴስታታው ላይ ይቀመጣል። ብረቱ መብረድ አለበት፤ ለብ ካለ ሌሊት አንድ ሰው ተነሥቶ አሙቋታል ማለት ነው፣ ያሞቃት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። የሞተሩ ዘይት መለኪያ ይወጣል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይወጣል። ዘይቱ በጣት መካከል ሲታሽ የብረት ብናኝ ካሻከረ ኩሽኔታ እየተበላ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ከሥሩ ነጭ አረፋ ከያዘ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ዓይን ካለም ያው ነው።

ከዚያ ትነሣለች። በመጀመሪያው ቁልፍ መነሣቷን ብቻ አይደለም የምናየው፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ያያል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ፋሻው አልቋል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጥቂት ጥቁር ጭስ አያስደነግጥም፣ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ግን ይህን ስለማያውቅ ደህና ናፍጣ መኪና ጥሎ ይሄዳል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት የሁሉም ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ካልቆመ ግን ውኃ እየጠጣች ነው። ሚኒሞ ላይ ትተን ሻይ እንጠጣለን። ጋሼ ይህን ሻይ አይዘሉትም ነበር፤ ሻጩ የሚጨነቀው ያን ጊዜ ስለሆነ ፊቱን ማየት ይፈልጋሉ።

ፍሪሲዮን የሚፈተነው በቀላሉ ነው፦ የእጅ ፍሬን ተይዞ አራተኛ ማርሽ ይገባና ፍሪሲዮኑ በቀስታ ይለቀቃል። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ እየጮኸ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ የዓለም በርንም ዳገት ያወጣት ዕድሏ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይረገጥ ትወርድና ሜዳ ስትደርስ በድንገት ይረገጣል። ከኋላዋ ሰማያዊ ደመና ከወጣ ቫልቮቹ ዘይት እያሳለፉ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየታጠፈ በዝግታ ስትዞር ከፊት ጎማ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ዋጋው ላይ መነጋገር ነው።

አካሏን ለማየት ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ነበራቸው። ከተሰባበረ ድምፅ ማጉያ ያወጡት ነው። ከፊት ፓራውልት ጀምረው በበሮቹ አድርገው እስከ ኋላ እያስጠጉ ይዞራሉ። ላሜራ ባለበት ማግኔቱ ይስባል፤ ስቱኮ በወፈረበት ዝም ይላል። የበሩን ቡሎን ቀለም ያያሉ፤ ቁልፍ የነካው ቡሎን ጫፉ ላይ ቀለሙ ይላጣል፣ ያ በር ወርዶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሥሯ ገብተው ይተኛሉ፤ በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን እየነኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ጤነኛ ሻንሲ ይጮኻል፤ የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። መዳፉን በቅሎዋ ጀርባ ላይ እያሻሸ ጥላሸቱን የሚፈልገውን አባቴን ያየሁት እዚያ ጆንያ ላይ ነው።

የመኪና ገበያው የተስፋፋው ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ሲሠራ ነው። ኢትዮጵያና ቻይና ግንኙነት የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ጎበኙ። ከዚያ ግንኙነት የወጣው የወረታ-ወልዲያ መንገድ በደርግ ዘመን ተሠራ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አልፎ ወልዲያ ይወርዳል። እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ እንለዋለን። ጠጠር ነበር፤ አስፋልት የለበሰው በ2000ዎቹ ነው። ጠጠሩ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ይበላል፣ አቧራው በአየር ማጣሪያው ገብቶ ፒስቶን ያኝካል። ለእኛ ግን ሥራ አመጣልን። ኤንትሬ እህል ጭኖ፣ ላንድሮቨር የመንግሥት ሠራተኛ ይዞ፣ አውቶቡሱ ከነሰዉ በራችን ላይ ቆመ።

በደርግ ዘመን መኪና ከውጭ ማስገባት ለተራ ሰው የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ያችው አንዲት ፔጆ ወይም ዲኤክስ ከእጅ ወደ እጅ ትዘዋወራለች። የአንዲትን መኪና ታሪክ ከነባለቤቶቿ እናውቀው ነበር፦ መጀመሪያ የሐኪሙ፣ ቀጥሎ የነጋዴው፣ ከዚያ ነፋስ መውጫ ሄዳ ተገልብጣ የተመለሰች። ያን ጊዜ ሻጭ መዋሸት ይከብደው ነበር። ከተማው ራሱ ሊብሬ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው የመኪና ምንጭ የመሥሪያ ቤት ጨረታ ነበር፤ ዛሬም ነው። ኮድ 4 ወይም ኮድ 5 ታርጋ የነበራቸው፣ እርሻና ጤና ቢሮ ወይም የእርዳታ ድርጅት ያወጣቸው ላንድክሩዘሮችና ፒካፖች። ጨረታ ላይ ሞተር አስነሥቶ መንዳት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ በቆመችበት ታይታ በቆመችበት ትሸጣለች። ጋሼ እዚያ ሲሄዱ ከመኪናዋ በፊት ሾፌሩን ይፈልጉ ነበር። "ወንድሜ፣ ከእሷ ጋር ስንት ክረምት አሳለፍክ?" ብለው ይጀምራሉ። ሾፌር መኪናው ሲሸጥበት ያዝናል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ እውነቱን ይናገራል። ካምቢዮው ወርዶ እንደሆነ፣ ጉማራ ስትሞላ ውኃ ገብቶባት እንደሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሾፌሩ ከሌለ ዘበኛው አለ፤ ጠዋት ጠዋት ተገፍታ ትነሣ እንደነበር ያየው እሱ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ። ከጃፓንና ከዱባይ የሚመጣው ያገለገለ መኪና በዛ። አይሱዙ ኤንፒአር ደብረ ታቦርን የመሰለ ቦታ ኑሮ ለወጠው፤ የፋርጣ ድንች ወደ ቆላ፣ የፎገራ ሩዝ ወደ ደጋ በእሱ ነው የሚሄደው። አይሱዙ ሲገዛ ፈተናው ሌላ ነው። ባለቤቱ ከአቅሙ በላይ እየጫነ አሠርቶታል፤ ሻንሲው ከካቢኑ ኋላ ይሰነጠቃል፣ ተበይዶ ቀለም ይቀባል። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከተጨመረ ያ መኪና ምን ያህል ይጫንበት እንደነበር ከባለቤቱ መጠየቅ አያስፈልግም። ወደ ቅጥቅጥ የተለወጠ ከሆነም አዲስ የተሠራው አካል ሥር ያለው አሮጌ ሻንሲ መታየት አለበት።

ቪትዝ ስትመጣ ደግሞ አዲስ ችግር መጣ። ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነው፤ አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ መሪዋ ወደ ግራ ዞሮ ነበር የምትገባው። ያዞረው ሰው እጅ ንጹሕ ካልሆነ ዳሽቦርዱ በበጋ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው መሃል ላይ ባዶ ይዞራል፣ የፍሬን ፔዳሉ ወደ ጎን ይሸሻል። የቪትዝ ገዢ ሁሉ ሽቶዋንና የወንበር ልብሷን ያያል፤ እኔ ምንጣፏን አንሥቼ ከሞተር የሚለያትን ላሜራ ነው የማየው፣ የብየዳ ጠባሳው እዚያ ስለሚገኝ። ኪሎ ሜትሯ 60,000 ብሎ የፔዳሏ ላስቲክ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቁጥሩን ማመን የለብንም።

ወረቀቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ገዢ አስቀድሞ ማየት ያለበት በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ነው። ወረቀት ቁጥሩ ላይ ለጥፈን በእርሳስ እናሸዋለን፤ ፊደሉ ይወጣል። ከመካከሉ አንዱ ከጎኑ ካሉት ዝቅ ወይም ከፍ ካለ፣ ወይም ዙሪያው በሞረድ የተፋቀ ከሆነ፣ ሌላውን ምርመራ አልቀጥልም። ከዚያ ቦሎው፣ የቀረጥ ወረቀቱ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩ ከመንገድ ትራንስፖርት ይጣራል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመነሣቱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ሕጉ የማውቀውን ያህል ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ይገኛል። ገዢውንም ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። ከሁሉ የሚያስፈልገን ግን አንድ ነገር ነው፦ ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን፣ ወይም ዓይኑን ካልጨፈነ በቀር ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት ሻጩ አይጠየቅበትም። የቴስታታ ስንጥቅ ለዳኛ ማስረዳት ይቻል ይሆናል። የተበላ ጎማ፣ የፈሰሰ ዘይት፣ የሚያጨስ ጭስ ማውጫ ግን የገዢው ነው። አባቴ በቅሎ ገበያ ላይ ይህንኑ ነበር የሚኖረው፤ ዋስ ይቀበላል፣ መዳፉን ግን አይተውም።

የቅርቦቹ ዓመታት ደግሞ የገዢውን ነገር አክብደውታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ከመውረድ ይልቅ ወጣ። ሰው የገዛበትን ዋጋ ከነትርፉ አግኝቶ ይሸጣል፤ አሥር ዓመት የነዳት መኪና ከገዛበት ዋጋ በላይ ታወጣለች። ዋጋ ሲወጣ መደበቅም ይወጣል። በአንድ ቤተሰብ ሙሉ ጥሪት ለሚገዛ ዕቃ በስልክ ፎቶ ታይቶ ቀብድ ይላካል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ደላላ "ጋሼ፣ አንደኛ ናት፣ ሰው ሳይቀድምዎ" ይላል፤ መኪናዋ ደብረ ታቦር ስትደርስ ተገዝታ ያለቀች ናት። እኔ ዘንድ የምትመጣው ለምርመራ ሳይሆን ለጥገና ነው። ይህ ያሳዝነኛል። እዚህ ከተማ ውስጥ ከበቅሎ ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠ ዐዋቂ ይዞ የመሄድ ልማድ በእኔ ዘመን ሲቀር እያየሁ ነው፤ የቀረውም የሚያይ ሰው ስለጠፋ አይደለም፣ ሰው ስለቸኮለ ነው።

ወጣቶች ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሥራው ያበቃል ይሉኛል። አይመስለኝም። ጭስ የለም፣ ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፤ ዳገቱ ግን አለ። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከወረታ ተነሥታ 900 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ በሜዳ ከምትፈጀው ሌላ፣ ቢያንስ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈልጋለች። ወረታ ላይ የነበረውን የባትሪ መቶኛ ጽፈን ደብረ ታቦር ከደረሰችበት ጋር ስናስተያይ ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ ይታወቃል። ብርዱም ያው ባትሪውን ይፈትነዋል። ሌሊት አሳድረን ጠዋት ስናያት መቶኛው ስንት እንደወረደ የሚነግረን አለ። ስለ ቮልቴጅና ስለ ኮምፒዩተር ንባቡ ከልጆቹ እየተማርኩ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው።

ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ እስቴ፣ ስማዳ ወይም አንዳ ቤት ሆናችሁ መኪና ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት መኪናዋ ከወረታ ዳገቱን ትውጣ። እናንተ ወይም የምታምኑት መካኒክ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሙቀቱን መርፌ እያያችሁ ትውጣ። ከዚያ አንድ ሌሊት እዚህ ብርድ ላይ ትደር፤ ቁልፉ እናንተ ዘንድ ይሁን። የነዳጁንና የመካኒኩን ዋጋ ክፈሉ፣ ከመኪናዋ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ሻጩ ለማሳደር እምቢ ካለ አትግዙ።